ጥናቴ በማጣቀሻ ምክንያት ተመለሰብኝ፤ ከፍዬ ላሠራው?

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። በድሬዳዋ በጤና ሙያ የምሠራ ሴት ነኝ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በከተማችን ቤቶች ውኃ ስለሚጠራቀምባቸው በርሜሎችና ጄሪካኖች፣ በውስጣቸውም ስለሚራቡት ትንኞች ነው። ከአማካሪዬ ጋር አሳጥረን ለአንድ የውጭ አገር ጆርናል ላክነው። በሳምንቱ ተመለሰ። ‹ማጣቀሻዎቹ የጆርናላችንን ሥርዓት አልተከተሉም፤ በ14 ቀን ውስጥ አስተካክለው ይላኩ› ይላል። 52 ማጣቀሻ አለኝ፤ ሁሉንም የጻፍኳቸው በእጄ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ምንጭን በጸሐፊ ስምና በዓመት በሚጠቅሰው በኤፒኤ ሥርዓት ነበር፣ እነርሱ የሚፈልጉት ግን በተራ ቁጥር የሚጠቅሰውን ቫንኩቨርን ነው። ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በሁለት ቀን ጨርሶ እንደሚሰጠኝ ነግሮኝ ዋጋ ቆርጦልኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ለምን ትከፍያለሽ? በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠሪው› ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ፤ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ በነጥብና በሰረዝ ይመለሳል? ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከሌሎች ሰዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የወሰድኳቸው ሦስት ማጣቀሻዎች አሉ፤ ዋናዎቹን አላየኋቸውም። የአባቴ ስም መሐመድ ነው፤ በአንዱ ማስረጃዬ በእንግሊዝኛ በሁለት ‹ኤም›፣ በሌላው በአንድ ተጽፏል። የትኛውን ልያዝ? ምን ትመክሩኛላችሁ?»
ኅ.፣ ከሳቢያን

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ጥናትሽ ተመለሰ እንጂ ውድቅ አልሆነም። ጆርናሎች አንድ ረቂቅ ሲደርሳቸው ለገምጋሚዎች ከመላካቸው በፊት የጽሕፈት ክፍላቸው ቅርጹን ይፈትሻል፤ የቃላቱን ብዛት፣ የሥዕሎቹን ጥራት፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን፣ ማጣቀሻዎቹን። ያንቺ ሥራ የቆመው እዚያ በር ላይ ነው። ይዘቱን ገና ማንም አልነቀፈውም። 14 ቀን ለ52 ማጣቀሻ ይበቃል፤ የመስክ ሥራ ወይም የሌሊት ተረኝነት ከገጠመሽ ቀኑ ሳያልፍ አጭር ደብዳቤ ጽፈሽ ጥቂት ቀናት ጠይቂ። አርታኢዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለምደውታል፤ የሚከፋቸው ዝም ብሎ የሚጠፋ ጸሐፊ ነው።

«በነጥብና በሰረዝ ይመለሳል?» ላልሽው ግን በከፊል ብቻ እስማማለሁ። እውነት ነው፣ ከሥርዓት ወደ ሥርዓት ልዩነቱ አብዛኛው የልማድ ጉዳይ ነው። አንዱ ዓመቱን ከስም ቀጥሎ ይጽፋል፣ ሌላው ወደ መጨረሻ ይወስደዋል፤ በዚህ ሳይንሱ አይጎድልም። ዛሬ አንዳንድ ትልልቅ አሳታሚዎችም ይህን ተገንዝበው መጀመሪያ ሲላክ ወጥ እስከሆነ ድረስ በማንኛውም ሥርዓት የተጻፈ ማጣቀሻ ይቀበላሉ። ያንቺ ጆርናል ከእነዚያ አይደለም። ቫንኩቨር የሚባለው ሥርዓት ራሱ መነሻው ከአንቺ ምሬት ብዙም አይርቅም። በ1978 እ.ኤ.አ. ጥቂት የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች በካናዳዋ የቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ለየጆርናሎቻቸው የሚላኩ ጽሑፎች በአንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲዘጋጁ ተስማሙ። ያ ስብስብ ነው በኋላ የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ የሆነው።

ከልማዱ ሥር ያለው ነገር ግን ልማድ አይደለም። አንድ ናይሮቢ ወይም ጃካርታ ውስጥ ያለ ሰው «በድሬዳዋ ትንኟ በበርሜል ውኃ ትራባለች» የሚለውን ዓረፍተ ነገርሽን አንብቦ ማስረጃውን ማየት ሲፈልግ የሚይዘው ያቺን አንዲት መስመር ብቻ ነው። ቅጽ 12 ተብሎ የተጻፈው በእውነቱ ቅጽ 21 ከሆነ መንገዱ እዚያው ተቋረጠ። ዛሬ ደግሞ መስመሯን የሚያነባት ሰው ብቻ አይደለም። የአሳታሚዎቹ ኮምፒውተሮች እያንዳንዷን ማጣቀሻ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ያገናኛሉ፤ ማን በማን እንደተጠቀሰ የሚቆጠረውም በዚሁ ነው። የተበላሸች መስመር የማትገናኝ ከሆነ የሚጎዳው ያ በብዙ ልፋት ያሳተመ ሌላ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ጭምር ነው፤ ሥራው ተጠቅሶ ሳለ እንዳልተጠቀሰ ይቀራል። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ልመለስ። አትስጪው። ይህን የምለው ገንዘቡ አሳዝኖኝ ወይም ሰውየው ሥራውን አይችልም ብዬ አይደለም። እርሱ የሚያስተካክለው የሰጠሽውን ነው። የሰጠሽው ዓመት የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱን በሚያምር ነጥብና ሰረዝ አስጊጦ ይመልስልሻል። ስሕተቱን ለማወቅ እያንዳንዱን ጽሑፍ መክፈትና መጀመሪያ ገጹን ማየት ያስፈልጋል፤ ያን በሁለት ቀን የሚያደርግልሽ የለም። በዚያ ላይ ዝርዝርሽ ውስጥ የጤና ቢሮ ሪፖርት፣ አዋጅ፣ የስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሰነድ እንደሚኖር እገምታለሁ። እነዚህን ምንነታቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ቅርጹን ደግሞ በነጻ የሚሠራልሽ አለ። ዞቴሮ ይባላል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ማንም ያለ ክፍያ የሚጭነው ሶፍትዌር ነው። ሜንዴሌይም ይሠራል፣ ኢንድኖትም ይሠራል፤ ኢንድኖት ግን ይከፈልበታል። እኔ ዞቴሮን የምመርጥልሽ መረጃው በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ነው፤ አንዴ ካስገባሽው በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራሽ አይቆምም። ከ10,000 በላይ የጆርናል ሥርዓቶች ተዘጋጅተውለታል፤ የጆርናልሽን ስም ፈልጊ፣ ምናልባትም በራሱ ስም ታገኚዋለሽ። ከዚያ በፊት ግን የጆርናሉን የጸሐፊዎች መመሪያ ሙሉውን አንብቢ፤ ከመመሪያው ጎን ደግሞ በቅርቡ ያወጣውን አንድ ጽሑፍ አትመሽ አስቀምጪ። «ቫንኩቨር» ብሎ የጻፈ ጆርናል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ቁጥሩን በቅንፍ ያደርጋል፣ ሌላው ከመስመር ከፍ አድርጎ በትንሹ ይጽፈዋል። አንዱ ስድስት ጸሐፊዎችን ዘርዝሮ «እና ሌሎች» ይላል፣ ሌላው ሁሉንም ይዘረዝራል። መመሪያው ያልነገረሽን የታተመው ጽሑፍ ያሳይሻል።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ በ10 የሚጀምረውን ዲኦአይ የሚባለውን መለያ ቁጥር ወስደሽ ለዞቴሮ ስትሰጪው የጸሐፊዎቹን ስም፣ ርእሱን፣ ቅጹን፣ ገጹን ራሱ ያመጣዋል። ያመጣውን ግን አትመኚው። የጽሑፉን መጀመሪያ ገጽ ከፍተሽ ጎን ለጎን አስተያዪ። አንዳንዱ ርእስ በሙሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይመጣል። አንዳንዱ ቁጥር ይጎድለዋል። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በኢንተርኔት ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ቅጽ ውስጥ የገባ ጽሑፍ ሁለት ዓመት ይኖረዋል፤ ቅጽና ገጽ የምትጽፊ ከሆነ የቅጹን ዓመት ያዢ። በቀን ስምንት ማጣቀሻ ብትይዢ በሳምንት ትጨርሻለሽ፤ ሌላው ሳምንት ይተርፍሻል።

የጆርናል ስም ማሳጠሩ ላይ ተጠንቀቂ። ቫንኩቨር የጆርናሎችን ስም የሚያሳጥረው በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር መሠረት ነው፤ እንደመሰለሽ አታሳጥሪ። የእኛው አገር የጤና ልማት ጆርናልና ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው የጤና ሳይንስ ጆርናል በአጭሩ ሲጻፉ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የጻፈ ሰው አንባቢውን ወደማይገኝ ቅጽ ይሰደዋል።

አሁን ወደ አስቸጋሪዎቹ እንግባ። ሶፍትዌሩም የውጭ አገር መመሪያውም እኛን የማያውቁን እዚህ ላይ ነው።

የድርጅት ስም አንዱ ነው። የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝት ዝርዝርሽ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም፤ ያወጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነው። ዞቴሮ ውስጥ የጸሐፊ ስም ሁለት ሳጥን አለው፣ የቤተሰብ ስምና የግል ስም። የኤጀንሲውን ስም እዚያ ሁለት ሳጥን ውስጥ ከፋፍለሽ ካስገባሽው ዝርዝሩ ላይ ኤጀንሲው ሰው ይሆንና «ኤጀንሲ ማ.ስ.» ተብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ መስመር በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ያጋጥማል። መፍትሔው ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ሁለቱን ሳጥን አንድ ማድረግና ስሙን ሙሉውን እዚያ መጻፍ ነው። በኢንድኖት የሚሠሩ አንባቢዎች ከድርጅቱ ስም መጨረሻ ነጠላ ሰረዝ ቢያደርጉ ይበቃቸዋል። ኤጀንሲው ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሏል፤ የ2016ቱን ሰነድ ግን በሽፋኑ ላይ ባለው በቀድሞው ስሙ ጥቀሺው።

የሰው ስም ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ቫንኩቨርም ኤፒኤም የሚነሡት ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው ከሚል እምነት ነው። እኛ ዘንድ የለም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ስለዚህ ሥርዓቱ የመጨረሻዋን ስም አንሥቶ ከፊት ያስቀምጣታል። ለምሳሌ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. ያስተዋሉት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የሚጠቀሱት «ለማ አ.» እየተባሉ ነው፤ ማለትም በአባታቸው ስም። አብረዋቸው የተሸለሙት ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። የእርሳቸውን ዓይነት ስም ሶፍትዌሩ ካልተጠነቀቅሽ ለሁለት ይሰነጥቀውና «ዮሐንስ ለ.ወ.» ያደርገዋል፤ «ወልደ ዮሐንስ ለ.» መባል ሲገባው። ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ እንዲህ ያሉ ጥምር ስሞች ያሏቸውን ጸሐፊዎች አንድ በአንድ እያየሽ ጥምሩን በአንድ ሳጥን አኑሪ።

ሌላም አለ። አንድ ተመራማሪ አንዱን ጽሑፍ እስከ አባቱ ስም፣ ሌላውን እስከ አያቱ ስም ጽፎ ካሳተመ በዝርዝርሽ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላል። አንቺ ሰውየውን ስለምታውቂው ለማዋሐድ ይዳዳሽ ይሆናል። አታዋሕጂ። ጽሑፉ ላይ እንደታተመው ተዪው፤ አንባቢው የሚፈልገው በታተመው ስም ነውና። በአገራችን የታሪክና የቋንቋ ጥናት ጽሑፎች ውስጥ ግን ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በራሱ ስም መጠቀሱ የተለመደና የሚገባም ነው። እኔ ብጠየቅ በአገራችን የሚወጡ ጆርናሎች ሁሉ የኢትዮጵያውያን ስም እንዴት እንደሚጻፍ በመመሪያቸው ላይ ሁለት መስመር ቢያክሉ እላለሁ። ዛሬ ብዙ ወጣት ጸሐፊ በግምት ነው የሚጽፈው።

ከስም ቀጥሎ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ ሂጂ። የጤና ቢሮውን የ2014 በጀት ዓመት ሪፖርት ጠቅሰሻል እንበል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ሪፖርቱ ነሐሴ ላይ ቢወጣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2022 መሆኑ ነው። አንቺ ግን ሽፋኑ ላይ ያለውን «2014» ብቻ ከጻፍሽ የውጭው ገምጋሚ በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል። ስለዚህ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ስለተነሣው፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ትንኝ ጋር ስለተያያዘው የወባ ወረርሽኝ የምትጠቅሺው ማስረጃ ወረርሽኙ ከመነሣቱ ስምንት ዓመት አስቀድሞ የተጻፈ ይሆንበታል። የሚያስበው ወይ ጸሐፊዋ ተሳስታለች፣ ወይ ማጣቀሻው ፈጠራ ነው ብሎ ነው። ዓመቱን ለውጪው፤ በርእሱ ውስጥ ያለውን «2014» ግን የርእሱ አካል ስለሆነ አትንኪው፣ አጠገቡ በማዕዘን ቅንፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አመልክቺ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የወጣ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን የወጣ ከሆነ ስምንት ትጨምሪያለሽ። ወሩን የማታውቂው ሰነድ ካለ ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን መግቢያውን ወይም የፊርማውን ቀን ፈልጊ። «2014 ሲደመር ስምንት» እያልሽ ሁሉንም በጅምላ እንዳትለውጪ፤ በጥቅምት የወጣውን አንድ ዓመት ታሳልፊዋለሽ።

በአዋጅ ላይም ይኸው ይደርሳል። የሕዝብ ጤና አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛው ቁጥር 200/1992፣ በእንግሊዝኛው 200/2000 ነው። ሁለቱም አንድ አዋጅ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ አንዱን፣ በዝርዝሩ ውስጥ ሌላውን ከጻፍሽ ሁለት ሕግ ያለ ይመስላል። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ቁጥር ይዘሽ ዝለቂ።

በአማርኛ የተጻፉ ሰነዶችን ርእስ በቫንኩቨር ሥርዓት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመሽ በማዕዘን ቅንፍ ታደርጊና በመጨረሻ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ትገልጫለሽ። በኤፒኤ ሲሆን የአማርኛው ርእስ በላቲን ፊደል ተጽፎ ትርጉሙ በቅንፍ ይከተላል። ትርጉሙ የአንቺ ስለሆነ በጥንቃቄ አድርጊው፤ ቢሮው ራሱ ያወጣው የእንግሊዝኛ ርእስ ካለ እርሱን ውሰጂ።

የትንኞቹ ሳይንሳዊ ስም በዘመመ ፊደል መጻፍ አለበት፣ በማጣቀሻው ርእስ ውስጥም ጭምር። ዞቴሮ ርእሱን ሲያመጣ ብዙ ጊዜ ይህን ይጥለዋል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከድሬዳዋ የዴንጊ ወረርሽኝና በ2019 ከቺኩንጉንያው ጋር ስሟ የሚነሣው ኤደስ ኢጂፕቲ ያለችበትን ርእስ ሁሉ ተመልከቺ። ጥናትሽ ራሱ ስለ ትንኝ ሆኖ የትንኟ ስም በተሳሳተ ፊደል ቢወጣ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው።

ከቢሮ ባለሙያ በቃል የሰማሽው ነገር ካለ ከዝርዝሩ ውስጥ አውጪው። በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ የሰውየው ስምና ቀኑ ይገባል፤ ያም ባለሙያው በጽሑፍ ፈቅዶና ቃሉ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ ሲሰጥሽ ነው። ሰንጠረዥ ውስጥ ብቻ ያሉ ማጣቀሻዎች ደግሞ ቁጥራቸውን የሚያገኙት ሰንጠረዡ በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ ከተጠራበት ቦታ ነው። ይህ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል፤ ሰንጠረዡ በፋይሉ መጨረሻ ስለተቀመጠ የመጨረሻውን ቁጥር ይሰጡታል።

ያላየሻቸው ሦስቱ ማጣቀሻዎች ያሳሰቡሽ በትክክል ነው። ከሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ የተቀዳ ማጣቀሻ የዚያን ሰው ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ ዓመቱ ብቻ ሳይሆን «እገሌ እንዲህ አለ» የተባለው ነገር ራሱ ላይኖር ይችላል። መጀመሪያ ፈልጊያቸው። በነጻ የማይከፈት ጽሑፍ ከሆነ ለጸሐፊው በቀጥታ ኢሜይል ጻፊ፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐረር ነው ያለው፤ አንድ ቀን ደንገጎን ወጥተሽ ቤተ መጻሕፍቱን ማየት ብትችዪ ድካሙ ይክስሻል፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚያውቀውን ፍለጋ እኔም አንቺም አናውቀውም። ካላገኘሻቸው ከሁለት አንዱን አድርጊ። ያነበብሽውን የመመረቂያ ጽሑፍ ራሱን ጥቀሺ፤ ወይም ማጣቀሻውን ከነዓረፍተ ነገሩ አውጪ። አርባ ዘጠኝ ያየሻቸው ማጣቀሻዎች ከሃምሳ ሁለቱ ይበልጣሉ።

ባልደረባሽ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመከረችሽ በቅንነት እንደሆነ አምናለሁ። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። እነዚህ መሣሪያዎች ማጣቀሻ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ከመዝገብ አያወጡም፤ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ይጽፋሉ። እውነተኛ ተመራማሪ፣ እውነተኛ ጆርናል፣ የሚያሳምን ርእስ ያለው፣ ዲኦአዩ ግን የትም የማያደርስ መስመር ይሰጡሻል። ቅርጹን ብቻ እንዲያስተካክሉ ብታዣቸውም መሐል ላይ የጎደለውን የገጽ ቁጥር ከራሳቸው ሊሞሉት ይችላሉ፤ አንቺም ከ52 መስመር መካከል አትለዪውም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚህ መንገድ የተፈጠሩ፣ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ላንቺ ቅጣቱ ገንዘብ አይሆንም፤ ስምሽ ነው። ዞቴሮ ከአስተውሎቱ የሚለየው ከተመዘገበ መረጃ የሚቀዳ መሆኑ ነው። የያዝሽው ጽሑፍ በኋላ በስሕተት ወይም በማጭበርበር ምክንያት ከጆርናል የተነሣ ከሆነም ምልክት ያደርግልሻል።

ሐረር ላይ ታሪክ የምታጠኑ፣ ይህን ዓምድ የምትከታተሉ አንባቢዎችም ስላላችሁ አንድ ቃል ልጨምር። የእናንተ ጆርናሎች አብዛኛውን ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ ነው የሚፈልጉት፤ ከላይ ያልኩት የቁጥር ጉዳይ አይመለከታችሁም። የስምና የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ግን ከእኅታችን ይልቅ እናንተን ይመለከታል። በእጅ የተጻፈ ጥንታዊ መጽሐፍ ስትጠቅሱ የሚገኝበትን ቤተ መዘክርና የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቁጥር ከሌለው ያያችሁበትን ቀንና ያሳያችሁን ተቋም አትተዉ፤ በሂጅራ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመትም ከነሂጅራው አስቀምጣችሁ አጠገቡ ለውጡት።

የራስሽን ስም በተመለከተ፣ ኅ.፣ መሐመድ የሚለው ስም በድሬና በሐረር በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናውቃለን። ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው ብዬ አልነግርሽም። በፓስፖርትሽ ወይም በዲግሪሽ ላይ ያለውን ምረጪ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ለወደፊት ለትምህርትም ለጉዞም የምትጠቀሚበትን ፓስፖርቱን አስቀድሚ። ከዚያ በኋላ አትለውጪው፣ የአያትሽን ስምም አንዴ ከጨመርሽ ሁልጊዜ ጨምሪ። ይህ የመጀመሪያ ጽሑፍሽ ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ፤ የሚስተካከል ያለፈ ነገር የለሽም። ኦርሲድ የሚባለውን ባለ 16 አሐዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ዛሬውኑ አውጪ። በነጻ ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። በዚያ መዝገብ ላይ ሌሎቹን የስምሽን አጻጻፎች ሁሉ መዘርዘር ትችያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ በሁለት «ኤም» ቢጽፉሽም በአንድ፣ ጽሑፉ የአንቺ መሆኑ አይጠፋም። አማካሪሽም እንዲያወጡ ጠይቂያቸው።

ሁሉም ሲያልቅ በወርድ ፋይሉ ላይ ሁለት ቅጂ ይኑርሽ። አንደኛው ከዞቴሮ ጋር እንደተያያዘ የሚቀር ነው፤ ገምጋሚዎቹ ማጣቀሻ ጨምሪ ሲሉሽ የምትሠሪበት እርሱ ነው። ሁለተኛው ማያያዣው ተፈትቶ ተራ ጽሑፍ የሆነ፣ ለጆርናሉ የሚላክ ነው። ያልተፈታውን ብትልኪ አንዳንድ ጊዜ በእነርሱ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሮቹ ይመሰቃቀላሉ። ለአርታኢው በምትጽፊው ደብዳቤ ይቅርታ አታብዢ። ማጣቀሻዎቹ በሙሉ በጆርናሉ ሥርዓት መሠረት እንደገና መዘጋጀታቸውን፣ እያንዳንዳቸው ከዋናው ጽሑፍ ጋር መመሳከራቸውን፣ የትኞቹ እንደተነሡና ለምን እንደተነሡ በአጭሩ ግለጪ፤ አማካሪሽ አንብበው ከተስማሙ በኋላ ላኪው።